ቀይ ጋሻ የለበሰችው ወፊት

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ሀብታሙ ሚኒባስ ሊገዛ ወደ ደጀን ሲሄድ እኔንም አስከትሎኝ ሄደ። «እማማ፣ የእርስዎ እግር ደግ ነው፤ ቆመው ካዩልኝ ይበቃኛል» አለኝ። እግሬ እንኳን ለሰው ለራሴም አልሆነኝ፤ ግን ያረጀ ሰው ሲለመን ደስ ይለዋልና ሄድኩ። ሻጩ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አቁሞ ጠበቀን። ምላሱ ቅቤ ነው። አንደኛዋ የጃፓን እንደሆነች፣ ሞተሯ ለአያት ተሠርቶ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ነገረን፤ ዋጋዋ ግን የሚቀመስ አይደለም። ሁለተኛዋ ረከስ ትላለች። «የዚችኛዋ ስሟ ያው የጥንቱ ነው፤ ፋብሪካውን ግን በቅርቡ ሌሎች ገዝተውታል። ጌታው ቢለወጥ ምን ቸገረን እናቴ? ምልክቷን ይዩት» አለና አፍንጫዋ ላይ የተለጠፈውን ብረት በእጅጌው ወለወለልኝ። እኔም እንደ ሞኝ እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ብረቱ ፀሐይ መትቶት ሞቋል። እጄን ነጥቄ ወደ ኋላ ስል ሀብታሙ ደግፎ አንድ ሱቅ በር ላይ አስቀመጠኝ። ልጁ የፀሐይ ነገር መሰለው፣ ውሃ ሊገዛ ሮጠ። የፀሐይ ነገር አልነበረም፤ የእህቴ ነገር ነበር።

አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። አያ ደመላሽ ከተባለ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ወርቅ የማያውቀው አልነበረም። ገንዘብ አልነበረውም፣ ቃል ግን ነበረው። በቅሎ የሚገዛ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ላይ እሱን ፈልጎ «አያ ደመላሽ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይለዋል። አባቴ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን ያነሣል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና ወዲያና ወዲህ ያስነዳታል። ባለቤቱ ቢቆጣም ባይቆጣም የኮቴዋን ድምፅ እስኪጠግብ ይሰማል። መጨረሻ ላይ የሚያየው ጭኗ ላይ የተተኮሰውን ምልክት ነው። በዚያ ዘመን ደህና በቅሎ የሚያወጣ ቤት ሁሉ የየራሱ ምልክት ነበረው፤ የአንዱ መስቀል፣ የአንዱ ቁልፍ፣ የአንዱ ግማሽ ጨረቃ። በቅሎዋ ስትሸጥ የድሮው ምልክት አይነካም፤ አዲሱ ጌታ የራሱን ከሥሩ ያስተኩሳል። ስለዚህ ጭኗን ያየ ሰው የማን ቤት እንዳሳደጋትና በማን በማን እጅ እንዳለፈች ያውቃል። የሰውን ምልክት ያጠፋ ውግዝ ነው። ቄሱ ገበያው መካከል ቆመው ገዝተዋል፤ ግዝት ደግሞ የሚፈራበት ዘመን ነበር። ሌባው እንኳ በቅሎዋን ይሰርቃል እንጂ ምልክቷን አይደፍርም። የዛሬ ሰው ይስቃል እንጂ ያን ጊዜ ሰው ለሰው የሚተማመነው በዚህ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ እኔ ሻሽ ማሰር የጀመርኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ከተማችን ደብረ ማርቆስ በአንድ በጋ ፊቱ ተለወጠ። ቆርቆሮ ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ፉርኖ የሚሉት ዳቦ መጣ፤ ከላይ ደረቅ ከውስጥ ጥጥ የመሰለ፣ በሊሬ፣ በጣሊያኖቹ የወረቀት ገንዘብ የሚሸጥ። ገበሬው ግን ያንን ወረቀት እጁ አላስነካም አለ፤ ማርትሬዛ ብር ካላየ የጤፍ ስልቻውን አይፈታም። አበባ አበባ የሚሸት ሳሙና ነበር፣ እህቴ ጥሩወርቅ አንዲት እንክብል የምታህል ቁራጭ አግኝታ ሳትታጠብበት ቀሚሷ መካከል ደብቃ የምታሸተው። ካኪ ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ሲያልፍ ሴቱ ሁሉ ይጠቃቀሳል። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ነገር ደስ ይለኛል፣ ደስ ማለቱም ያሳፍረኛል። ምክንያቱም ከዚያ ሁሉ በፊት ገበያው ዳር ሁለት ግንድ አቁመው አግዳሚ አስረውበት ነበር። ባዶ ሆኖ የተገኘበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። እናቴ በዚያ ስናልፍ ነጠላዋን ዓይናችን ላይ ትጥልብናለች። ነጠላ ደግሞ ስስ ነው፤ የተሰቀሉትን ሰዎች እግር አይቻለሁ።

ቀጥሎ የበቅሎ ተራ ደረሰ። አርበኛ ያለበት ገደል መኪና ስለማይገባ ለጦሩ በቅሎ ያስፈልጋል ተባለ። የአባቴ በረት በሁለት ጠዋት ባዶ ሆነ። የመጨረሻዋን፣ ዳማዋን፣ ሲወስዷት ልጓሟን በገዛ እጁ አውልቆ ያዘ። ለጣሊያን ያደረው ወታደር፣ አስካሪው፣ «ልጓሙንም» አለው። ሰጠው። ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት እየተነሣ የባዶ በረት በር ይከፍት ነበር። እናቴ «ይተዉት እንጂ፣ ምን ሊወጣ?» ስትለው «ይናፈስ» ይላል።

በቅሎው ሲያልቅ ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና መጣ። የካሚዮኖቹ ጌታ አንድ ጣሊያን ነበር፤ ወታደር አይደለም፣ ነጋዴ ነው። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ ሕዝቡ ቀጮው ይለዋል። ከደብረ ማርቆስ በአምበር፣ በሉማሜ አድርገው፣ በደጀን ቁልቁለት አባይን ተሻግረው እህልና ጨው ያመላልሳሉ፤ በጭነቱ ላይ ሰውም ይሳፈራል። መኪኖቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። የአንደኛው ፋብሪካ አፍንጫቸው ላይ ቀይ ጋሻ አለባቸው፣ የሌላው ሰማያዊ ወፍ። ሕዝቡም ቀይ ጋሻና ወፊቱ ብሎ ጠራቸው። አባቴ ሥራ ፈትቶ ካሚዮን ማቆሚያው አጠገብ ድንጋይ ላይ መዋል ጀመረ። ሌላ የሚያየው ስለሌለ እነሱን ያይ ነበር፤ እንደ በቅሎም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማቸዋል።

ቀይ ጋሻ መልኳ አያምርም። አፍንጫዋ ድፍጥጥ፣ ወንበሯ ጣውላ ነው። ድምጿ ግን ወፍራምና ያልተቆራረጠ ነው፤ ከአባይ ስትወጣ ውሃዋ ሳይፈላ ትደርሳለች፣ ስትወርድም ያዝ ሲሏት ትያዛለች። ወፊቱ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ የሚያስቀና፣ ወንበሯ ቆዳ የለበሰ ነበር፤ ነገር ግን አስም እንዳለበት ሰው ታፏጫለች። ገና አምበር ሳትደርስ ትፈላና ተሳፋሪው ወርዶ ውሃ ፍለጋ ይሰማራል። ፍሬኗ ደግሞ ሲሻው የሚይዝ፣ ሲሻው የሚተው ነው። «በወፊቱ የሄደ በእግሩ ተመለሰ» የሚል ተረት ወጣላት። ሰዉ በቅሎ ሲገዛ እንደለመደው ወደ አባቴ ይመጣል። «አያ ደመላሽ፣ በየትኛዋ ልሳፈር?» ይለዋል። አባቴም «በቀይ ጋሻ» ይላል። ይህ ቃል ከአባቴ አፍ ወጥቶ የከተማው ሁሉ ቃል ሆነ፤ ቀጮው ራሱ ሰምቶ ሳቀ ይባላል።

አንድ ክረምት አለፈና ወፎቹ ጠፉ። መስከረም ሲጠባ መንገዱ ላይ የሚታየው ቀይ ጋሻ ብቻ ሆነ። ሰዉ ተገላገልን አለ። አባቴም ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ «ክፉ ዘር አይበረክትም» አለ፤ ከዳማዋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። የሆነውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በእነሱ አገር የጋሻው ፋብሪካ የወፏን ፋብሪካ ገዝቶት ኖሯል። ለቀጮው አንድ ሣጥን ሙሉ ቀይ ጋሻ ተላከለት። እሱም በክረምቱ ግቢውን ዘግቶ ወፏን እያስነቀለ ጋሻውን አስመታ፣ ቀለም አስቀባ። ብረቱ ያው ነው፤ ፍሬኑም ያው ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጥሩወርቅ ልትዳር ሆነ። የታጨችው ከአባይ ማዶ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ለአንድ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። እህቴ ቁንጅናዋን ብቻ ብነግራችሁ ግማሿን ደበቅሁ፤ አሽሟጣጭ ነበረች። የእኔን ጠጉር ስትሠራ እንባዬ እስኪመጣ ታጠብቀውና «ይህ ሁሉ ለባልሽ ነው፣ እሱን ስድቢ» ትለኛለች። በእኛ ቤት ወግ ሙሽራ የምትሄደው ከአባቷ በረት በወጣች በቅሎ ነው። በረቱ ግን ባዶ ነው። በምን ትሂድ የሚለው ነገር ቤታችንን አመሰው። እናቴ «በእግሯ ትሂድ» አለች። «ዘመድ ቤት እያደረች ትደርሳለች፤ የእግር መንገድ ማንን ገደለ?»

«የደመላሽ ልጅ አቧራ ለብሳ አማቷ ቤት ገባች ይባል?»

«ይባል! ተብሎስ? በነፍሷ ትግባ እንጂ!»

«በካሚዮን ትሄዳለች» አለ አባቴ። «በቀይ ጋሻ። ዋሷ እኔ ነኝ።»

እናቴ ተነሥታ የሙሽራዋን ዕቃ ማሰናዳት ጀመረች። አባቴ ዋስ የሆነበት ነገር ተበላሽቶ አያውቅም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ካሚዮኗ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። የቀጮው አስተርጓሚ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ቀለሟ አዲስ፣ አፍንጫዋ ላይ ቀይ ጋሻ። ሙሽራውና ሁለቱ ሚዜዎች ዕቃ ይጭናሉ፤ ልጃገረዶቹ ከበሮ ይመታሉ። አባቴ ካባውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዞራት። አፍንጫዋ ረዘም ማለቱን አይቶ ቆም አለ። «አስነሣት» አለው ሹፌሩን። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አጠገቡ ነበርኩና ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«ድምጿ ወፊቱን ይመስላል» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ሰምታ ከልጃገረዶቹ መካከል ወጣች። «እንግዲያው ትቅር! ጆሮዎ መቼ ዋሽቶዎት ያውቃል?»

አባቴ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «ልጄ፣ ይቺ የቀይ ጋሻ ቤት ናት?»

«አዎ፣ የቀይ ጋሻ ናት። ምልክቱን አያዩትም እንዴ አባቴ?»

አባቴ ጎንበስ አለና በጣቱ ከጋሻው ሥር ዳበሰ። ሌላ ምልክት ይፈልግ ነበር። በእሱ ዓለም በሌላ እጅ ያለፈ ነገር ሁሉ የፊተኛው ጌታ ምልክት ይኖረዋል፤ አዲሱ ከሥር ይጨመራል እንጂ የድሮው አይጠፋም። ጣቱ ለስላሳ ቀለም እንጂ ሌላ አላገኘም። ቀና ሲል ፊቱ ተመልሶ ነበር። «ከመጀመሪያው የቀይ ጋሻ ናት» አለና ወደ እናቴ ዞረ። «ምልክት አይዋሽም፣ ዘነቡ። ማን ደፍሮ?» እናቴ ወደ ልጃገረዶቹ ተመለሰች። እሷም በዚያው ግዝት ያደገች ናት።

ልጃገረዶቹ በቅሎ ቀርቶ ካሚዮን መሆኑን አይተው እዚያው ግጥም አወጡ፤

በቅሎዋ ታልቅስ እንጂ ሙሽራዋን ምን ነካት፣
ጥሩምባ እየነፋ ብረት በቅሎ ወሰዳት።

እየሳቅን ተቀበልን። ጥሩወርቅን ካባ አልብሰው፣ ፊቷን ሸፍነው ከላይ አወጧት። ጎንበስ ብላ በካባው ሥር «አንቺ፣ ይቺ በቅሎ ሣር አትበላም፤ መንገድ ላይ ብትርባት ምን ልስጣት?» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። የሆነ ነገር መልሼ ቢሆን እወዳለሁ።

በማግስቱ ማታ አንደኛው ሚዜ ክንዱ ተንጠልጥሎ በሰው በቅሎ መጣ። ደጀንን አልፈው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ የተቃጠለ ጠጉር የሚመስል ሽታ ሸተታቸው። ሹፌሩ ይረግጣል፣ ካሚዮኗ ግን አልሰማ አለች፤ ፍጥነቷ ጨመረ። ያን ጊዜ ዝለሉ ተባለ። የዘለሉት ተሰበሩ እንጂ ተረፉ። ጥሩወርቅ ግን ሙሽራ ናት፣ ሙሽራ ደግሞ አማቷ ቤት ሳትደርስ ፊቷን አትገልጥም። «ገልጠሽ ዝለይ ብዬ እጇን ያዝኩት» አለ ሚዜው። «በሌላው እጇ ካባውን ፊቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ነውር መስሏት ነው። ባሏም ጥያት አልወርድም አለ፤ አብረው ሄዱ።» ይህን ሲናገር እናቴ አላለቀሰችም። ተነሥታ ሄደችና የባዶውን በረት በር ዘጋች፤ ከዚያ ነው ጩኸቷ የተሰማው።

አባቴ ከአጎቴ ጋር በእግሩ ሄደ። ካሚዮኗ ገደሉ ግማሽ ላይ ድንጋይ አግኝታ ተጋድማ ነበር። ጥሩወርቅን ደጀን ቀብሮ ሲመለስ እንደገና እዚያው ወረደ። ጋሻው በአንድ ወገኑ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ወደ ጎን ገፋው። ከጀርባው ቀለሙ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ሁለት የክንፍ ቅርጽና የድሮ ቡሎን ቀዳዳዎች ነበሩ። አጎቴ እንደነገረን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ያንን ቀዳዳ በጣቱ እየነካካ ቆየ።

አባቴ ወደ ቀጮው ግቢ ሄዶ ተከራከረ። እኔና እናቴ ከበሩ ላይ ቆመን ሰምተናል። «የሰውን ምልክት አጠፋችሁ» አለ አባቴ። ከካሚዮኗ ዘሎ የተረፈው አስተርጓሚ ለቀጮው ነገረውና መልሱን አመጣ፤ «ፋብሪካውን ገዝተውታል። የገዛ ሰው የራሱን ስም ያደርጋል። ምልክቱ የባለቤቱ ነው፣ ውሸት የለበትም ይላል።»

«የድሮውስ? የድሮውን ለምን አጠፋ?»

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመም። «አባቴ፣ ብረት እኮ ነው፣ በቅሎ አይደለም» አለና ደጃፉን አሳየው። አባቴ ከዚያ ግቢ ሲወጣ እንደተሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ሌባ ያጣ ሰው ነበር። የሚገዝተው ሰው እንኳ አላገኘም።

ይህንን ሁሉ ለሀብታሙ ደጀን ላይ፣ እዚያ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ራሱን ነቅንቆ አዳመጠኝ። ከዚያ «እማማ፣ አሁን እኮ ምርመራ አለ፣ ዋስትና አለ፤ ዛሬ ፋብሪካ ሁሉ የሌላ ፋብሪካ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ሹፌሮቹ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ያኛው ተሸጠ፣ ይኸኛው ተቀላቀለ፣ የዱሮው ብረት ወፍራም ነበር፣ የአሁኑ ጣሳ ነው ይባባላሉ። እኔ የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ምልክቱ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ይነግርሃል፣ ፍሬኑን ያጠበቀውን እጅ ግን አይነግርህም። ሀብታሙ ርካሿን ገዛ። እኔም መረቅሁለት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ወደ ማርቆስ በዚያችው ተሳፍረን ስንመለስ እስከ አምበር ድረስ ወንበሩን ጨብጬ ነበር።

ያቺ ካሚዮን ግን በዚያ አልቀረችም። ቀጮው በሰንሰለት አስጎትቶ አወጣት፣ አስጠገናት፣ ቀለም ቀባት፤ ጋሻውንም አቃንቶ መልሶ መታው። ፋሲካ ሳይደርስ ማቆሚያው ላይ ተሰልፋ ታየች። አባቴ ከቀብር ወዲህ ከቤት አይወጣም ነበር፤ ሲሰማ ተነሥቶ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ሰዉ እየተሳፈረ ነው። አባቴ መካከላቸው ገብቶ «አትሳፈሩ! ይቺ ወፊቱ ናት!» አለ። ሰዉ ለሐዘኑ ሲል መንገድ ለቀቀለት፣ አንዳንዱም ቆብ አወለቀ፤ ግን አንድም ሰው አልወረደም። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ልትወጣ እግሯን አንሥታ ነበር። ልጅቱ ዓይኗን ታማ ኖሮ ማዶ ወዳለ ጠበል እየወሰደቻት ነው። አባቴ ቀሚሷን ያዘ።

«እመቤቴ፣ ልጅሽን አታሳፍሪ።»

«አያ ደመላሽ፣» አለች ሴትዮዋ በአዘኔታ፣ «ጋሻው ይኸው። በቀይ ጋሻ ሂዱ ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

አባቴ ቀሚሷን ለቀቀና ወደ ካሚዮኗ አፍንጫ ዞረ። ጋሻውን ለመንቀል ጥፍሩን ከሥሩ አስገባ፤ ብረቱ አልነቀነቅም አለ፣ ጣቱ ደማ። መጨረሻ ላይ ጎማው ፊት ተጋደመ። ሁለት አስካሪዎች በብብቱ ይዘው ጎትተው አነሡት፤ አልመቱትም፣ እነሱም ያበደ ሰው መሰላቸው። ካሚዮኗ ሄደች። ቤት እንሂድ ብዬ ብለምነው እንቢ አለኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዋለ፣ ሌሊቱንም እዚያው አደረ፤ ከገደሉ ምን ወሬ እንደሚጠብቅ እኔም አውቄዋለሁ፣ እሱም እንዳወቅሁ አውቋል። እግዜር ይቅር ይበለን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካሚዮኗ እያፏጨች በሰላም ገባች። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ወረደችና አባቴን እዚያው አገኘችው። ፊቱን አየችው፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከስንቋ ዳቦ ቆርሳ እንደ ለማኝ እጁ ላይ አኖረችለት። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ዳቦውን ተቀበለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ በቅሎም ስለ መኪናም አንድ ቃል ሳይናገር ኖሮ ሞተ። ሬሳውን ይዘን ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ያቺው ካሚዮን ሰው ጭና ስትመጣ መንገድ ለቀን አሳለፍናት።